ራሱን በራሱ የሚቆርጥ ሰንሰለት፦ የድንች ዋይ ቫይረስ ታሪክ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በጮቄ ተራራ ተዳፋቶች ለገበሬው ቀለብም የገበያ ገቢም የሆነውን ድንች፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይወሳል። ከሰብሉ ጋር የሚዛመቱት ቫይረሶች ግን ተለይተው የታወቁት ዘግይቶ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱን፣ የድንች ዋይ ቫይረስን፣ እንግሊዛዊው ኬኔት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1931 ከሌሎቹ ለይቶ ገልጾታል።

የዚህ ቫይረስ የዘር መልእክት አርኤንኤ በተባለ ሞለኪውል ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ ርዝመቱ 9,700 ያህል ፊደላት ብቻ ነው። ቫይረሱ ወደ ድንቹ ሕዋስ ሲገባ፣ ራይቦሶም የተባሉት የተክሉ የፕሮቲን መሥሪያዎች መልእክቱን አንብበው፣ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑ ከ3,000 በላይ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበትን አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። ሰንሰለቱ 10 ፕሮቲኖች እስኪወጡት ድረስ ዘጠኝ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት፤ ቆራጮቹም ከዚያው ሰንሰለት ውስጥ የሚገኙ ሦስት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መጨረሻ ብቻ ሲቆርጡ፣ ሦስተኛው የቀሩትን ሰባት ቦታዎች ይቆርጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ቫይረሱ በክሽክሽ አማካይነት ከተክል ወደ ተክል እንዲተላለፍ ያግዛል፣ የተክሉንም መከላከያ ያዳክማል።

አሠራሩ በዝርዝር የተጠናው የዋይ ቫይረስ ዘመድ በሆነው በትምባሆ ኢች ቫይረስ ላይ ነው። የዚህ ቫይረስ የዘር መልእክት እ.ኤ.አ. በ1986 ሙሉ በሙሉ ከተነበበ በኋላ፣ ጄምስ ካሪንግተንና ዊልያም ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ሦስተኛው ኢንዛይም የመቁረጫውን ቦታ የሚለይባቸውን አሚኖ አሲዶች አሳወቁ። ኢንዛይሙ ሰባት አሚኖ አሲዶችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲያገኝ ብቻ ስለሚቆርጥ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የፕሮቲን ቤተ ሙከራዎች መሣሪያ ሆኗል።

በማሳ ላይ የቆመን የታመመ ድንች ከቫይረስ የሚፈውስ መድኃኒት ግን የለም። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ዘንገናና ጓሳ የተባሉትን የተሻሻሉ ዝርያዎች ቢያወጣም፣ ቫይረሱ ከእናት ተክል ወደ ድንቹ ስለሚያልፍ፣ የተሻለ ዝርያ እንኳ ዘሩ ከታመመ ተክል ከተወሰደ ምርቱ ማሽቆልቆሉ አይቀርም። ስለዚህ የጎጃም ድንች አምራች ቅጠሉ የተዥጎረጎረውን ወይም የተጨማደደውን ተክል በጊዜ ነቅሎ ሊያስወግድ፣ ለዘር የሚሆነውንም ጤነኛነቱ ከተረጋገጠ ማሳ ብቻ ሊወስድ ይገባል።