ከግብር አዳራሽ እስከ ሽሮ ቤት

አበው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ። በዚህ ብሂል ያደገ ሕዝብ ምግብ በገንዘብ የሚሸጥበትን ቤት እንዴት ለመደው? ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ መጻፍ ሲቻል ስለ ሽሮና ስለ ቅቅል መጻፍ ምን ይባላል የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን የማይተዋወቁ ዜጎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በእኩል ዋጋ፣ ከአንድ ድስት የሚበሉበት ቤት ታሪክ የፖለቲካ ታሪካችን አንድ ምዕራፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቀድሞው ዘመን ከቤቱ ርቆ የሚገኝ ሰው የሚበላበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነበር። አንደኛው እንግድነት ነው። መንገደኛው ሲመሽበት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር። ሁለተኛው ግብር ነው። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ አዳራሽ ባለሟሉና ሠራዊቱ በየማዕረጉ ተደልድሎ፣ ተራ በተራ እየገባ ይበላል። ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለማወቅ አቀማመጡን ማየት ይበቃ ነበር። በሁለቱም መንገድ በላተኛው ባለውለታ ነው፤ እንግዳው ምርቃት፣ ሎሌው ደግሞ ታማኝነት ይከፍላል።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ይህን ሥርዓት ቀስ በቀስ ለወጠችው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ፣ በቃል በወረደው ወግ እንደሚነገረው፣ ደፍሮ ገብቶ የሚበላ ሰው ጠፍቶ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ማለማመድ ነበረባቸው። በሰው ፊት መብላት ለዓይን መጋለጥ ነው የሚል ፍርሃትም ነበር፤ ትላልቅ ሰዎች ሲበሉ በሸማ ይከለሉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። በኋለኛው ዘመን ምግብ ቤቶች በመጋረጃ የተከፋፈሉ ክፍሎች ሲሠሩ፣ ያ ሸማ ወደ መጋረጃነት መለወጡ ይመስለኛል።

የሕዝቡን ምግብ ቤት ያቋቋሙት ግን ቤተ መንግሥቱም የውጭ ነጋዴዎችም አይደሉም። ከትዳር ተለይተው ወይም መሬት አጥተው ከገጠር የፈለሱ ሴቶች ጠላና ጠጅ እየጣሉ፣ ከመጠጡ ጋር ወጥ ማቅረብ ጀመሩ። ኅብረተሰቡ «ኮማሪት» እያለ በንቀት ቢጠራቸውም፣ ወንዱ መሬትና ሹመት በያዘበት ሀገር ሴት በራሷ ስም የምታስተዳድረው ቤት የነበራት በዚህ ሙያ ነበር።

ቀጥሎ ወረራው መጣ። ፋሽስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባት አዲስ አበባ የጣሊያኑንና የሀገሬውን መኖሪያና ገበያ በዘር ለመለያየት ሲጥሩ፣ ምግባቸው ግን አጥሩን ተሻገረ። ፓስታና ማካሮኒ በበርበሬ ስጎ ተለውሰው፣ አልፎ ተርፎም በእንጀራ ላይ ቀርበው፣ የድሃ ምሳ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ የጉራጌ ሥራ ፈጣሪዎች በመስቀል የሚበላውን ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር ለዘወትር ገበያ አበቁት። ፉልና ፈጢራም ከዓረቡ ዓለም መጥተው የማለዳ ቁርሳችን ሆኑ።

ከሁሉም በላይ ግን ሽሮ ነው። በሀገራችን ሥጋ በሃይማኖት ይለያያል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ባራኪ ሥጋ አይበላም። የሽሮ ድስት ግን ይህን ድንበር አያውቅም። የጾም በያይነቱም እንዲሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛው የተሠራው ምግብ ለሙስሊሙም ገበታ ሆነ። መንግሥታት ስለ አንድነት ብዙ አዋጅ አውጥተዋል፤ ተጋቢኖ በጣደችው ሸክላ ዙሪያ የተቀመጡት ግን ያለ አዋጅ አብረው በሉ።

ስለ አዋጅ ካነሳን፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 በብዙ ባለቤቶች ላይ ግፍ ቢፈጽምም፣ ያልታሰበ ውጤት ነበረው። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀንሶ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቆየ። በመሐል ከተማ ርካሽ ምሳ ሊገኝ የቻለው አንድም በዚህ ነው። የሽሮው ዋጋ ዝቅ ያለው ሽምብራው ስለ ረከሰ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ኪራይ ስለ ረከሰ ጭምር ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ተማሪ ሳለሁ ፒያሳ አካባቢ በእንዲህ ያለ የቀበሌ ቤት በዱቤ እበላ ነበር። ባለቤቲቱን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ዕዳችንን በሰማያዊ ደብተር ይጽፋሉ፤ የወር ገንዘብ የዘገየበትን አይጠይቁም። በአንዲት አግዳሚ ላይ የታክሲ ሹፌር፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሊስትሮና ተማሪ ተጣበን እንቀመጣለን። በ1997ቱ ምርጫ ሰሞን ገዥውን ፓርቲ የሚደግፈውም ቅንጅትን የሚደግፈውም እዚያው ይሟገት ነበር። ድምፅ ከፍ ሲል እትዬ «ይብረድላችሁ እንጂ ሽሮው አይብረድባችሁ!» ይላሉ፤ ሁላችንም እንስቃለን።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንችስ ሲፈርሱ እነዚህ ቤቶች አብረው ሄዱ። ቤቶቹን ለማወደስ አልሻም። ጣሪያቸው ያፈስ፣ ጭሳቸው ዓይን ያጠፋ፣ መጸዳጃቸው ያሳፍር ነበር። ከተማ መታደስ እንዳለበትም አልክድም። ነገር ግን ሰፊ መንገድና ረጅም ሕንፃ ሲታቀድ፣ የሕንፃው ምድር ቤት በካሬ ሜትር ሲከራይ፣ ሽሮ ሸጦ ያንን ኪራይ የሚከፍል ማን ነው? ባለሀብቱ በሆቴሉ፣ ድሃው ከቤቱ በቋጠረው ምሳ ዕቃ ለየብቻ የሚበሉባት ከተማ፣ ሳናስበው ወደ ግብር አዳራሹ አቀማመጥ ትመልሰናለች።

ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል አልፌ ነበር። ቤቱ የነበረበት ስፍራ አምሮ በድንጋይ ተነጥፏል፤ መብራቱም ደማቅ ነው። እትዬ የት እንደ ደረሱ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። በዚያ ደብተር ላይ ያልከፈልኩት የሦስት ምሳ ሒሳብ አለብኝ።