ሰማያዊው ወረቀት፦ የአሜሪካ ጦር የስንብት መዝገቦች ክለሳና የእኛ ቃለ ጉባኤዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአሜሪካ ምድር ጦር የሚሰናበት ወታደር የሚቀበለው ወረቀት ቀለም ነበረው። በክብር የተሰናበተው ነጭ ወረቀት፣ በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት በውርደት የተባረረው ቢጫ ወረቀት ይዞ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት ነበረ፤ ሰማያዊ። ሰማያዊው ወረቀት ስንብቱ የክብርም የውርደትም እንዳልሆነ ይገልጻል። የሚሰጠው ግን ያለ ችሎት፣ በአስተዳደር ውሳኔ ነበር። ይህን ወረቀት ይዘው ከወጡት መካከል በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወይም ዝንባሌ ምክንያት የተባረሩ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ እንዲህ ዓይነቶቹ መዝገቦች ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመሩ ምን እየተደረገ ነው የሚል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጋብቻና ስለ ሥጋዊ ንጽሕና የሚያስተምረውን የዚህ መጽሔት አንባብያን ያውቁታል፤ እኔም የቆምሁት በዚያው ትምህርት ላይ ነው። ይሁን እንጂ አንድን ድርጊት ኃጢአት ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሰው የተጻፈ ሰነድ እውነተኛና ልክ ያለው መሆኑን መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን መለየት ካልቻልን የሌላውን ታሪክ በትክክል አናነብም። በራሳችን ቤት ያለውንም መዝገብ መመርመር አንችልም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያለ ችሎት የተጻፈ ፍርድ

በ1944 የወጣውና በተለምዶ «ጂ.አይ. ቢል» የሚባለው ሕግ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ብድር ዋስትና፣ ሥራ ላላገኘም እስከ 52 ሳምንት ድረስ በሳምንት 20 ዶላር እንዲሰጥ ፈቀደ። ሕጉ ከእነዚህ ጥቅሞች ያገለለው በውርደት የተሰናበቱትን ነበር። በ1945 ግን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ አስተዳደር፣ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ምክንያት ሰማያዊ ወረቀት የያዙትም ጥቅሙን እንዳያገኙ ለቢሮዎቹ መመሪያ ላከ። ጦር ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው የአስተዳደር ቢሮ እንደ ተፈረደበት ቆጠረው ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ወረቀቱ የስንብቱን ምክንያት በግልጽ ስለማይናገር ቀጣሪው የመሰለውን ይገምታል። ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሰኔ 1945 ባለው ጊዜ ምድር ጦሩ ከ48,000 በላይ ሰማያዊ ስንብቶችን ሰጥቷል። ከእነዚህ 22 በመቶ ያህሉ ለጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች የተሰጡ ነበሩ፤ እነርሱ ግን ከሠራዊቱ 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዛዡ የጠላውን፣ «አስቸጋሪ» ያለውን፣ የዘር አድልዎን የተቃወመውን ሁሉ በዚሁ ወረቀት ማሰናበት ይቻል ነበርና። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ በ1945 ዘመቻ ከፈተ። በ1946 የተወካዮች ምክር ቤት የጦር ጉዳዮች ኮሚቴ አሠራሩንና የአስተዳደሩን መመሪያ አጥብቆ ነቀፈ። በ1947 ሰማያዊው ወረቀት ቀረ። ሆኖም በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተጠረጠሩት በአዲሱ አሠራርም «የማይፈለግ» በሚል ስያሜ መሰናበታቸው ቀጠለ።

ችሎት የሌለበት ቅጣት በደለኛውንና ንጹሑን በአንድ ወረቀት ይጠቀልላል። የወረቀቱ ዝምታ ራሱ ክስ ይሆናል።

ስሕተትና በደል

መዝገብን የመከለስ ሥርዓት የተጀመረው በዚያው ዘመን ነው። የ1944ቱ ሕግ የስንብት ገምጋሚ ቦርዶችን አቋቋመ። በ1946 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ወታደራዊ መዛግብትን የሚያርሙ፣ ሰፋ ያለ ሥልጣን ያላቸው የሲቪል ቦርዶች እንዲኖሩ ፈቀደ። የእነዚህ ቦርዶች መለኪያ ሁለት ነው፤ አንዱ ስሕተትን ማረም፣ ሌላው በደልን ማስወገድ። ይህን ልዩነት ልብ እንበል። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ነገር እንደ ተጻፈ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያም ሆኖ ያስከተለው ቅጣት ከልክ ያለፈ ከሆነ በደል ነው። ሕጉ እውነትንም ልክንም ይጠይቃል።

በተግባር ግን መንገዱ ጠባብ ነበር። ለገምጋሚው ቦርድ ማመልከቻ የሚቀርበው በ15 ዓመት ውስጥ ነው። ለእርማት ቦርዱ ደግሞ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ለፍትሕ ሲባል ይህ ገደብ ሊነሣ ይችላል። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው፤ አመልካቹም ለዓመታት የደበቀውን ነገር በራሱ እጅ ገልጦ ማቅረብ አለበት። በዚህ ላይ በሐምሌ 1973 በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ብሔራዊ የመዛግብት ማዕከል የተነሣው ቃጠሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ የወታደሮች ፋይሎችን አጠፋ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ የተሰናበቱ ሰዎች መዝገብ 80 በመቶ ያህሉ በዚያ ቀረ። ውርደቱ በሰውየው ላይ ሳይቃጠል ቆየ፤ ማስረጃው ግን ተቃጠለ።

ከ«አትጠይቅ፣ አትናገር» ወደ ክለሳ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ መከላከያ ሚኒስቴሩ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ከውትድርና አገልግሎት ጋር እንደማይስማማ በመመሪያ ደነገገ። በዚያ አሥር ዓመት ወደ 17,000 የሚጠጉ ሰዎች ተሰናበቱ። በ1993 የጸደቀውና «አትጠይቅ፣ አትናገር» በሚል ስም የታወቀው ሕግ ደግሞ አዛዦች እንዳይጠይቁ፣ ወታደሮችም እንዳይናገሩ አደረገ። በዚህ ሕግ አንድ ወታደር ስለ ዝንባሌው የተናገረው ቃል ብቻውን ለስንብት በቂ ምክንያት ነበር፤ ድርጊት እንደማይፈጽም ማስረዳት የሚጠበቀው ከራሱ ነው። ሕጉ መስከረም 20 ቀን 2011 እስኪቀር ድረስ ከ13,000 በላይ ሰዎች ተሰናብተዋል።

ለእረኞች ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም። እኛ በፈተናና በድርጊት መካከል ያለውን ልዩነት እናስተምራለን። ትግሉን በግልጽ የሚናገር ሰው ወደ ብርሃን እየመጣ እንደሆነ እንናገራለን። በዚህ ሕግ ግን መናገር ራሱ ጥፋት ነበር።

ሕጉ በቀረበት ዕለት ሚኒስቴሩ ለቦርዶቹ መመሪያ አወጣ። ስንብቱ የተሰጠው በዚህ ፖሊሲ ምክንያት ብቻ ከሆነና ሌላ የሥነ ምግባር ጥፋት ከሌለበት፣ አመልካቹ በሰነዱ ላይ የሰፈረው ምክንያት እንዲለወጥ፣ ስንብቱም የክብር እንዲባል የሚጠይቀው ጥያቄ በመደበኛነት ይፈቀድ አለ። ይኸው መመሪያ ግን በጊዜው በሕግ መሠረት የተሰጠ ስንብት በዚህ ብቻ ስሕተት ወይም በደል ነው እንደማይባል ገለጸ። ወደ ቀድሞ ማዕረግ መመለስንና ያመለጠውን የአገልግሎት ዘመን መቁጠርንም በመደበኛነት አልፈቀደም። ክለሳው ያለፈውን ሁሉ የሚሰርዝ አልነበረም። «ይህ ሰው አገሩን እንዴት አገለገለ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነበር።

እስከ 2023 ድረስ ግን ያላመለከተ ሰው አልታረመለትም። በዚያ ዓመት መስከረም ፔንታጎን ራሱ ፋይሎቹን ከፍቶ ሊመረምር እንደሆነ አስታወቀ። በ2024 በወጣው ውጤት መሠረት ቦርዶቹ በራሳቸው አነሣሽነት ከመረመሯቸው 851 ጉዳዮች በ96.8 በመቶው ላይ ማስተካከያ እንዲደረግ ወስነዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ፕሬዚዳንት ባይደን በፈቃደኝነት ለተፈጸመ ግንኙነት በጦር ፍርድ ቤት ለተፈረደባቸው ይቅርታ አድርገዋል፤ ይቅርታው ግን የስንብት ወረቀቱን በራሱ አይለውጥም።

የፊልጵስዩስ ገዥዎች

በዚህ ታሪክ ላይ ሦስት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ብርሃን ይሰጡናል።

የመጀመሪያው ሐዋ. 16፥35-39 ነው። ጳውሎስና ሲላስ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ተገርፈው ታሰሩ። በማግስቱ ገዥዎቹ በስውር ሊለቋቸው ሲልኩ ጳውሎስ እምቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው ጠየቀ። ይህን ያደረገው በኩራት አይመስለኝም። በዚያች ከተማ ገና የተወለደች ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ መሥራቿ ወንጀለኛ ተብሎ በሕዝብ ዘንድ እንዲቀር አልፈለገም። በአደባባይ የተጻፈ በአደባባይ ይታረማል፤ የሚያርመውም የጻፈው ነው። ከ2011 እስከ 2023 ያለውን ልዩነት በዚህ ዓይን ብናየው፣ ለረጅም ጊዜ ገዥዎቹ ተገራፊው ወደ እነርሱ እንዲመጣ ይጠብቁ ነበር ማለት እንችላለን።

«ጳውሎስ ግን ንጹሕ ነበር፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ሌላ ነው» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሁለተኛው ክፍል፣ በዘዳ. 25፥1-3 ይገኛል። ይህ ሕግ የሚናገረው በእርግጥ ስለ በደለ ሰው ነው። ፍርዱ በዳኛ ፊት ይሰጣል፣ ግርፋቱ ይቆጠራል፣ ከአርባ አያልፍም። ምክንያቱም በግልጽ ተቀምጧል፤ ከልክ ያለፈ ቅጣት ወንድምን በዓይናችን የተናቀ ያደርገዋል። በደለኛውም ወንድም መባሉን አላጣም። የአርባ ዓመት አገልግሎት የማያነሣው፣ ከሥራ፣ ከትምህርትና ከቤት የሚያግድ ወረቀት ግን ቆጣሪ የሌለው ግርፋት ነው።

ሦስተኛው 2ቆሮ. 2፥6-8 ነው። የተጠቀሰው ሰው በ1ቆሮ. 5 ከተገሠጸው ጋር አንድ ስለ መሆኑ ሊቃውንት ይለያያሉ፤ ትእዛዙ ግን ግልጽ ነው። ቅጣት የሚበቃበት ቀን አለው፤ ያ ቀን ሲደርስ ማኅበሩ ፍቅሩን በግልጽ ማረጋገጥ አለበት። ንስሐ ለገባ ሰው በር የሌለው ተግሣጽ የሐዋርያው ተግሣጽ አይደለም።

እረኞች ድምፃቸውን ያሰሙበት ጊዜ

ትምህርትን አጥብቆ መያዝና የአሠራርን በደል መቃወም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1919 በኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ፣ የባሕር ኃይሉ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የሚጠረጠሩ ሰዎችን ለመያዝ የራሱን ወጣት መርከበኞች ማጥመጃ አድርጎ አሰማራ። ከተከሰሱት አንዱ ሳሙኤል ኬንት የተባለ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበር፤ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። የከተማዋ አገልጋዮች ከጳጳሳቸው ጋር ሆነው ለፕሬዚዳንት ዊልሰን የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። በ1921 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ድርጊቱን አወገዘ። እነዚያ አገልጋዮች ስለ ኃጢአት የነበራቸውን ትምህርት ለመለወጥ አልተነሡም። የተቃወሙት ኃጢአትን ለመያዝ ተብሎ ወጣቶች ወደ ኃጢአት መላካቸውን፣ የሰውም ስም በእንዲህ ያለ ማስረጃ መጥፋቱን ነው።

የእኛ ቃለ ጉባኤዎች

በአሜሪካ የሚያገለግሉ የእኛ እረኞች በጉባኤያቸው በዚያ አገር ጦር ያገለገሉ ምእመናንንና ቤተሰቦቻቸውን ያገኛሉ። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው በራቸውን ሊያንኳኳ ይችላል። እርሱን «መዝገብህ እንዲታረም ማመልከት ትችላለህ» ማለት ትምህርትን መካድ አይደለም፤ ስለ አገልግሎቱ እውነት እንዲነገር መርዳት ነው። ወንጌሉን፣ ንስሐንና ቅድስናን የምንነግረው ከዚያ ሳንቀንስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በራሳችን ቁም ሳጥን ያለው ነው። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ቃለ ጉባኤዎች ከኅብረት የታገዱ ሰዎችን ስም ይዘዋል። ከእነርሱ ስንቶቹ ቀርበው ተሰሙ? ስንቶቹ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ተረጋገጠባቸው (ዘዳ. 19፥15፤ ማቴ. 18፥16)? እገዳው የሚያበቃበት ቀን ተጽፏልን? ንስሐ የገባው ሰው መታገዱ ከመድረክ ሲነገር፣ መመለሱም ከዚያው መድረክ ተነግሯልን? ሸኚ ደብዳቤ ስንጽፍ ምክንያቱን ሳንገልጽ «መልካም ምስክርነት የለውም» ብለን የተውነው ሰው የለምን? ይህች ዓረፍተ ነገር የእኛ ሰማያዊ ወረቀት ናት፤ የሚያነባት ሁሉ የከፋውን ይገምታል።

ስለዚህ ለሽማግሌዎች ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የተግሣጽ ውሳኔዎቻችንን እንክፈት። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ የተጻፈው እውነት ነውን? ቅጣቱስ በልኩ ነውን? ስሕተት ከተገኘ ሰውየው እስኪያመለክት አንጠብቅ፤ እኛ እንሂድ። የተሳሳተውን ስንሰርዝ፣ በሰሙት ፊት እንሰርዘው። አንድ ሠራዊት ፋይሎቹን ለመክፈት ከ70 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በዚያ መካከል ብዙዎቹ ወረቀታቸው ሳይታረም ሞተዋል። በእኛ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ስማቸው ያለ ሰዎች ግን አሁንም በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹም በየእሑዱ በበራችን በኩል ያልፋሉ።