ቃሬዛው ከደረሰ በኋላ

በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር በሌላው አገር እድር ከሚባለው ጋር ቢመሳሰልም፣ ተግባሩ በቀብር ብቻ ተወስኖ አያውቅም። በጨፋ ሸለቆ፣ ከቦርከና ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች፣ ሰው በጽኑ ሲታመም ወይም አደጋ ሲደርስበት ጎረምሶች ቃሬዛ አበጅተው፣ በየተራ እየተሸከሙ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ወይም ከጤና ጣቢያ ያደርሱታል። ይህም እንደ ልግስና ሳይሆን እንደ ግዴታ የሚታይ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል ይቀጣበታል። ቃሬዛው ከደረሰ በኋላ ግን የቅሬው ድርሻ ይፈጸማል። አንጎሉ ተጎድቶ በሕይወት ለተረፈ ሰው ደግሞ ዋናው ወጪ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት የደሴ አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ፣ ሰንበቴንና ከሚሴን ሰንጥቆ ወደ ኮምቦልቻ ያመራል። በበጋ ወራት የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት ለግጦሽ ወደ ጨፋ ረግረግ ስለሚገባ፣ ከባድ መኪናና መንጋ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። በአገራችን ታሪክ እጅግ የታወቀው የመኪና አደጋ የደረሰውም በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ በሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደ እንግሊዝ አገር ልኮት፣ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። ጉዳቱ የአንጎል ባይሆንም ትምህርቱ ለዚሁ ጉዳይ ያገለግላል። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ያ ክፍል የታወቀው በቀዶ ጥገና ሳይሆን በትዕግሥት በሚደጋገም ልምምድ ነበርና። አበበም እግሩ ባይመለስለት፣ በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ለመወዳደር በቃ።

ከከሚሴ ገጠር ለሚወጣ ተጎጂ እንዲህ ያለ ከፋይ አልነበረውም። ቤተሰቡ በሬውን ይሸጣል፤ ጎረቤት ወዳጃ ተቀምጦ ዱአ ካደረገ በኋላ ያዋጣል፤ በዓረብ አገር ያሉ ዘመዶች ይልካሉ፤ ሽማግሌዎች ኮሚቴ ሆነው የባንክ ሒሳብ ይከፍታሉ። በመጀመሪያው ወር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ቁስሉ ይታያል፣ የሆስፒታሉም ሒሳብ በእጅ ነው። በስድስተኛው ወር ግን ቁስሉ ሽሯል፤ ሰውየው በእግሩ ይሄዳል። የጎደለው ለዓይን አይታይም። የጀመረውን ነገር ይረሳል፣ ቃል ይጠፋበታል፣ በጥቃቅኑ ይቆጣል፤ የሚጠብቀው ሰው ስለሚያሻውም ከቤቱ ሁለት ሠራተኛ ይጎድላል። ይህን ያላስተዋለ ሰው «ድኗል እኮ» ይላል፤ መዋጮውም በዚህችው ቃል ይደርቃል። ኮሚቴው ንፉግ ሆኖ አይደለም፤ የተሰበሰበው ለአንድ ጊዜ አደጋ የተለመደው የአሰባሰብ ስልት ለዓመታት ልምምድ ስላልተበጀ ነው።

ሕክምናውም ሕጉም ወደ መጀመሪያዋ ሰዓት ያደሉ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1998 ዓ.ም. ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ቀድሞ የሚሞቱ ብዙዎች የመትረፍ ዕድል አገኙ። የተረፈ ሁሉ ግን የልምምድ ባለዕዳ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት ደግሞ ከ40,000 ብር የማይበልጥ መድቦ ነበር። ገንዘቡ መኖሩ ደግ ሆኖ ሳለ፣ ለአስታማሚ ደመወዝና ወደ ደሴ ለሚደረግ ምልልስ ስንት ወር እንደሚበቃ ማስላት አያዳግትም።

የምሕንድስና ባለሙያ ይህን ጉድለት በሌላ ስም ያውቀዋል፤ የግንባታ በጀት ኖሮ የጥገና በጀት ሲጠፋ የሚታየው ነው። ለመንገድ መፍትሔ የተገኘው በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ተቋቁሞ፣ ከነዳጅ በሚሰበሰብ ገንዘብ ጥገናው ሳይቋረጥ እንዲካሄድ ሲደረግ ነው። በጨፋ የሚያልፍ መኪና ሁሉ በሚያቃጥለው ሊትር መጠን ለአስፋልቱ ይከፍላል።

ለሰው የሚሆን ተመሳሳይ ፈለግ በማኅበሮቻችን ውስጥ የለም ማለት ግን አይቻልም። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ቤት ባፈረሰ ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ አንዳንድ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው፣ ለሬሳ ብቻ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ በአልጋ ላሉ ሕሙማንና ወላጅ ላጡ ልጆች ማዋል ጀመሩ። አባላት ያከራከረው አሳብ አንድ ነበር፤ ላልሞተ ሰው ከእድር ይወጣል ወይ? ክርክሩ በየስብሰባው ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ሆኖም ደንቡ የተሻሻለው በዚያው በየወሩ በሚከፈለው መዋጮ ላይ እንጂ በአዲስ ልመና አልነበረም።