ከቅጠሉ ነው ወይስ ከልቡ?

ስሙኝማ፣ ነገሩ የሆነው ቢሾፍቱ ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቀነስ ብሎ አፈሩ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ ጓሮዬ ውስጥ ባለው መደብ ላይ አርባ የጥቅል ጎመን ችግኝ አዛወርሁ። ያፈላሁት ራሴ ነኝ። ጥላ ሠራሁለት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት፤ ሁለት ቀን ቀና ብሎ አደረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብወጣ ሰባቱ መሬት ላይ ተጋድመዋል። ቅጠላቸው አልተበሳሳም፣ ቢጫም አልሆነም። ግንዳቸው ግን ከአፈሩ ጋር እኩል፣ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኗል።

ያን ጊዜ እኔ የማውቀው ጠላት አንድ ብቻ ነበር፤ ክሽክሽ። አጥሩ ጥግ ባለው አሮጌ የሐበሻ ጎመን ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ተሰብስቦ ሳምንቱን ሙሉ ሲያናድደኝ ሰንብቷል። ስለዚህ የወደቁትን ችግኞች ሳይ ሌላ አላሰብሁም። «ክሽክሹ ወረደባቸው!» ብዬ መርጫ ልከራይ ወደ በሩ ሮጥሁ።

«አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው እንዲህ የምትበረው?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። ጎረቤቴ ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጓሮ ሲኮተኩቱ የኖሩ ሴት ናቸው። የሆነውን ነገርኋቸው። «ቆይ እስቲ» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ።

ከወደቀው ችግኝ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ቅጠሉን ዘወር ብለውም አላዩት። ጣታቸውን ከተቆረጠው ግንድ ጥግ አፈር ውስጥ ከተቱና ዙሪያውን ጫር ጫር አደረጉት። አንድ ነገር ተንከባሎ ወጣ። የትንሽ ጣት ግማሽ የሚያህል፣ አፈር የመሰለ፣ ቆዳው ቅባት የነካው የሚመስል ወፍራም ትል። ብርሃን ሲያገኘው ራሱንና ጅራቱን ገጥሞ እንደ ቀለበት ተጠቀለለና ድርቅ አለ። መዳፋቸው ላይ አድርገው አቀረቡልኝ።

«ቆራጭ ትል ናት። ሌሊት ትወጣለች፣ ግንዱን ከሥሩ ቆርጣ ትጥላለች፣ ሲነጋ እዚያው አጠገቡ ትቀበራለች። ሰባት ችግኝ ወደቀ ማለት ሰባት ትል አለ ማለት አይደለም። አንዷ በአንድ ሌሊት ሦስትም አራትም ትጥላለች።»

በሰባቱም ዙሪያ ፈለግን። የወጣው ሦስት ትል ነው። ሦስት! እኔ ቅጠል ላይ መድኃኒት ልረጭ ስሮጥ ጥፋተኞቹ አፈር ለብሰው ተኝተው ነበር። እማማ ትሎቹን ለዶሮዎቻቸው ወረወሩላቸው።

«ክሽክሹስ?» አልኋቸው፤ ያው የኔ ቁጭት እሱ ነው። ወደ አሮጌው ጎመን ሄዱ፣ አንዱን ቅጠል ገለበጡት። «እስቲ ቀረብ ብለህ እይ።» ቀረብሁ። ከግራጫዎቹ መካከል የተነፋፉ፣ የደረቁ፣ ቡናማ የሆኑ አሉ፤ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ አለ። «እነዚህ ሞተዋል» አሉኝ። ምን እንደገደላቸው ያወቅሁት በኋላ ነው። ከትንኝ የምታንስ ተርብ እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ እጩ ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል፣ ቆዳው ሲደርቅ አዲሷ ተርብ ጀርባውን በስታ ትወጣለች። እማማ የተርቧን ነገር አያውቁም፤ ቡናማዎቹ ሲበዙ ግን ክሽክሹ በሳምንት በሁለት ሳምንት እንደሚሳሳ ያውቃሉ።

«ይኼንን አሮጌ ቅጠል ቆርጠህ ጣለው። ሌላውን በሳሙና ውሃ እጠበው። ግን አንድ ነገር ስማኝ ልጄ፤ ተባይ ባየህ ቁጥር መጀመሪያ ጠይቅ። የሚበላው ከቅጠሉ ነው ወይስ ከልቡ?»

ይህን ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ልብ የሚሉት ያው አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን መሐሉን ነው። ጥቅል ጎመን ዳር ቅጠሉ ቢበሳሳ ይጠቀልላል፤ መሐሉ ከተበላ ግን አለቀ፣ አይጠቀልልም። ድንች ጥቂት ቅጠል ቢያጣም ሥሩን ያበዛል። ለቆስጣና ለሐበሻ ጎመን ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ምግባችን ነውና ፍርዱ ይለወጣል። ዕድሜም አለ። በሦስት ቀን ችግኝ ላይ አንዲት ትል ሞት ናት፤ በሁለት ወር ጎመን ላይ ያችው ትል እንግዳ ናት። ፍጥነትም አለ። ክሽክሽ ወንድ ሳያስፈልጋት ሕይወት ያላቸውን ልጆች ትወልዳለች፤ ስለዚህ በበጋ ዛሬ ጥቂት ያየኸው በሳምንቱ ቅጠሉን ይሸፍነዋል። በክረምት ያንኑ ክሽክሽ ከባድ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል።

በኋላ ሳነብ ይኸው የእማማ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ አገኘሁት። በ1959 እ.ኤ.አ. ስተርን፣ ስሚዝ፣ ቫን ደን ቦሽና ሄገን የሚባሉ አራት የካሊፎርኒያ የነፍሳት ተመራማሪዎች፣ ተባይ ስለታየ ብቻ መርጨት ስህተት ነው ብለው ጻፉ። ተባዩ የሚያደርሰው ጥፋት እሱን ለመከላከል ከሚወጣው ወጪ የሚበልጥበት ልክ አለ፤ ርምጃ የሚወሰደውም ወደዚያ ልክ መድረሱ ሲታይ ነው። ደግሞም በዘፈቀደ የሚረጭ መድኃኒት የተባዩን ጠላቶች ቀድሞ ይጨርሳል አሉ። ያችን ትንሽ ተርብ አስቡልኝ!

አሁን ደግሞ የእማማ ጥያቄ ያልበቃበትን ላውራችሁ፤ ይህንን ካልነገርኋችሁ ትረካው እውነት አይሆንም።

በማግስቱ ዓመት ቲማቲም ተከልሁ። አበባ ሲያወጣ ቅጠሎቹ ላይ ፈዘዝ ያሉ፣ ወረቀት የመሰሉ ነጠብጣቦች ወጡ። ወደ ፀሐይ አንስቼ ስመለከት ቅጠሉ በሁለት ሽፋን መካከል ተቦርቡሮ፣ ውስጡ ጥቁር ኩስ አለበት፤ ከኩሱ አጠገብ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ አረንጓዴ ትል ትላወሳለች። እማማን ጠራኋቸው። አዩት። ቲማቲም ብዙ አልተከሉም። «ከቅጠሉ ነው» አሉ፤ «ተወው፣ ያልፋል።» ተውሁት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ፍሬው ተበሳ። ቀዳዳው ከፍሬው መያዣ ሥር ተደብቋል፤ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ቲማቲም ስቆርጠው ውስጡ በስብሷል። አንድ ቅርጫት ለቀምሁ፤ ለወጥ የሚሆን ጎዶሎ ሰሃን እንኳ አላተረፍሁም። እማማ ቅርጫቱን አይተው ብዙ ዝም አሉ። «ይኼን አላውቀውም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «የኛ አይደለም።»

ልክ ነበሩ፤ የኛ አይደለም። ቱታ አብሶሉታ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን ላይ ታየ፣ ኢትዮጵያ የደረሰው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አንዷ የእሳት እራት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። ቅጠሉን በልቶ አይበቃውም፤ ፍሬውንም ይበሳል። መጤ ተባይ ባገሩ ሲያሳድዱት የነበሩትን ጠላቶቹን ትቶ ነውና የሚመጣው፣ ክሽክሹን እንደምትይዘው ተርብ ያለ የሚቆጣጠረው ቶሎ አያገኝም። በ2017 እ.ኤ.አ. የገባው መጤ ተምችም እንዲሁ ነበር። ግንባሩ ላይ እንደተገለበጠ ባላ ያለ ነጣ ያለ መስመር፣ ወደ ጅራቱ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ የበቆሎውን መሐል ልብ ነው የሚበላው። ገበሬው በጣቱ እየለቀመ ሲጨፈልቅ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ተባይ ሳይ አልጠብቅም። የተቦረቦረውን ቅጠል ሁሉ ለቅሜ እቀብራለሁ፣ የበሰበሰ ፍሬ መሬት ላይ አላሳድርም።

የጎመን ትልን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ በእሱ የተቃጠልሁት ከሁሉ በላይ ነው። ሲነኳት ወደ ኋላ እየተፈራገጠች በቀጭን ክር ቁልቁል የምትንጠለጠለው አረንጓዴ ትል ናት። አንድ ጊዜ ሰው የመከረኝን መድኃኒት ገዛሁ። በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተው ሰጡኝ፤ ስም የለው፣ ልክ የለው፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ የለው። «ከሁለት ቀን በኋላ ብላው» ተባልሁ። ረጨሁት። ትሏ አልሞተችም፤ ክሽክሹን ስትበላ አያት የነበረችው ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ግን ሞታ ተገኘች። ይህች ትል መድኃኒትን በመልመድ የታወቀች ናት፤ ገና በ1953 እ.ኤ.አ. ጃቫ ላይ ዲዲቲን እንደተቋቋመች ተመዝግቧል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ልጆቼ የሚበሉት ጎመን ላይ የረጨሁት። መደቡን በሙሉ ነቅዬ ቀበርሁት። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

አሁን የእማማ ዓይን ደክሟል። ጓሮውን የማየው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከአጥሩ ማዶ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይጠይቁኛል። ዘንድሮ መስከረም ላይ ደግሞ አርባ ችግኝ አዛወርሁ። በእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ ከሃይላንድ ጠርሙስ የቆረጥሁትን ቀለበት ሁለት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ሰክቼ ተከልሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድምፃቸው መጣ፤ «ስንት ወደቀ?»

«አንድ» አልሁ። «ቀለበቱ የወለቀበት ነው።»

«ምን ቆመህ ታያለህ፣ ጣትህን ክተት እንጂ!»

ቁጢጥ አልሁና ጣቴን ከግንዱ ጥግ አፈር ውስጥ ከተትሁ።