ቤድፎርድ ወይስ ኤንትሬ? የሳጃና ክርክር

ሳጃና ሻይ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የማያልቅ ክርክር ነበረን፤ የሱዳኑ ቤድፎርድ ይሻላል ወይስ የእኛው አገር ኤንትሬ? ሰፈሩ የሲሚንቶ፣ የብረትና የቀለም ገበያ ስለሆነ የጭነት መኪና ወሬ አይጠፋበትም። ያገራችን ሰዎችም ከጎረቤቱ ከዴም እየመጡ ያሟሙቁታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ በየአቅጣጫው በትኖናል። ክርክሩ ከእኛ ጋር እንዳይጠፋ ለልጆቻችን እንጻፈው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ «ትሬ» በጣልያንኛ ሦስት ማለት ነው። የ682 ዘር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የኤንትሬ ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሆኖ ከ11 ሊትር በላይ ነው፤ ጉልበቱም ወደ 180 ፈረስ ይደርሳል። ባለ አፍንጫው ቤድፎርድ ቲጄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ የእንግሊዝ መኪና ነው። 4.9 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ወደ 100 ፈረስ ቢጠጋ ነው። በወረቀት ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ።

መንገዱ ግን ሌላ ይናገራል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ኤንትሬ ራሱ ከሩብ በላይ ጉልበቱን ጥሎ ነው የሚወጣው። በ100 ፈረስ ሙሉ ጭነት ይዞ ያን ዳገት መውጣት መከራ ነው። ኤንትሬን ያስከበረው ይህ ትርፍ ጉልበቱ ነው።

ወደ ሱዳን ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ካርቱም ከባሕር ወለል 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዳገት የለም፣ አሸዋ ግን አለ። በገዳሪፍ በኩል ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መሬት ጎማ ይይዛል። እዚያ ከባድ መኪና ይሰምጣል። ቀለል ያለውን ቤድፎርድ ግን ረዳቶቹ፣ ሱዳኖች «ሙሳዒድ» የሚሏቸው፣ አሸዋውን በአካፋ ጠርገው፣ ከጎማው ሥር የብረት ሳንቃ አንጥፈው ያወጡታል። የኤንትሬ ሞተር ጋቢናው ውስጥ ነው፤ በደጋ ብርድ ያሞቃል፣ በካርቱም ሙቀት ግን ሹፌሩን ይጠብሰዋል።

የመሪው ነገርም አለ። ጣልያኖች የከባድ መኪና መሪ በቀኝ ያደርጉ የነበረው ሹፌሩ የተራራውን መንገድ ጠርዝ እንዲያይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 በቀኝ መንዳት ስትጀምር ባለ ቀኝ መሪው ሹፌር ገደሉን አጥርቶ ያያል፤ ለመቅደም ግን የረዳቱን ዓይን ይለምናል። ሱዳን ወደ ቀኝ የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ስለዚህ ለ9 ዓመት ከመተማ ገላባት የተሻገረ ሹፌር መስመሩን ከቀኝ ወደ ግራ መቀየር ነበረበት።

እንግዲህ ማን አሸነፈ? እንደኛ ከሆነ ሁለቱም በየአገራቸው። ዛሬም አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቻችን የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አትጠይቁ። የምትሄዱበት መንገድ ዳገት ነው ወይስ አሸዋ? ቢሰበር ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይስ ካርቱም ብቻ? ሽማግሌዎቻችን በሻይ ላይ ሲከራከሩ ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ሳጃና ተመልሰን እስክንቀመጥ ድረስ አደራውን ያዙልን።