ፈንጣጣ ፍለጋ በጎጃም

የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የፈረንጆች ዓመት ከመላው ኢትዮጵያ ሪፖርት የተደረገው ሕመምተኛ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። ዘመቻው በገባበት ዓመት ግን ቁጥሩ ከ26 ሺህ በላይ ሆነ። በሽታው ስለባሰበት አልነበረም፤ ፈላጊ ስላገኘ ነው። እኔም ጎጃም ላይ ከፈላጊዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ በቅሎ ሲገኝ በበቅሎ፣ ሲታጣ በእግር።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው መርፌውን ነው። ጫፏ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መርፌ ናት፤ ክትባቱ ውስጥ ነከር አድርጎ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ልፋቱ ከዚያ በፊት ነበር። ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶግራፍ ይዘን ገበያ ለገበያ እንዞራለን። አንዲት እናት ፎቶግራፉን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ እንኳ የእኛ አገር ልጅ አይደለም» አሉኝ። ልጁን ሳይሆን ሕመሙን እንደምጠይቅ ባስረዳኋቸው ጊዜ «ታዲያ እንዲህ አትለኝም! ከወንዙ ማዶ ሞልቶልሃል» ብለው መንደሩን ጠቆሙኝ።

ከገበያም ትምህርት ቤት ይሻላል። አንድ ክፍል ውስጥ የብዙ መንደር ልጆች ይቀመጣሉ፤ ልጅ ደግሞ ያየውን አይደብቅም። በተጠቆመው ቤት ደርሰን የምናየው መዳፍንና ውስጥ እግርን ነበር። ከፈንጣጣ ጋር የሚምታታው ጉድፍ ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል፤ ፈንጣጣ ግን ፊትን፣ እጅንና እግርን ይመርጣል፣ መዳፍንም አይምርም። የታመመ ባይገኝ እንኳ የሕፃናቱን ፊት እናያለን። የሦስት ዓመት ልጅ ፊት ላይ ጠባሳ ካለ፣ ፈንጣጣ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ በዚያ አልፏል ማለት ነው።

ሕመምተኛ ሲገኝ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን እንከትባለን፤ ቀጥሎ ጠያቂዎቹን እንመዘግባለን። በእኛ አገር የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነውና መዝገቡ ቶሎ ይሞላል። በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ያሳየን ይህ መዝገብ ነው።

እምቢታም ነበር። ሕዝቡ የራሱ ከታቢዎች ነበሩት፤ ከሕመምተኛው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጣ አድርገው ያስገቡበታል። «እኛ ተከትበናል፣ የእናንተው ምን ያደርግልናል?» ይሉናል። አላዋቂነት ነው ብሎ የሚያልፈው አለ፤ እኔ አልስማማም። ያ ዘዴ ብዙ ሰው አድኗል። ጉዳቱ፣ እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚያስገባ የተከተበው ሰው ለሌላው ማስተላለፉ ነው፤ አንድ ከታቢ መንደር አድናለሁ ብሎ በሽታውን ወደ ሌላ መንደር ያሻግራል። በዚያ ላይ የኛ አገሩ ፈንጣጣ ቀላሉ ዓይነት ስለነበር የሚገድለው ጥቂቱን ነው፤ ሰው ያን ያህል አልፈራውም። ስለዚህ ካህኑንና ሽማግሌውን ሳያስቀድሙ መርፌ ማውጣት ከንቱ ድካም ነበር።

በአገራችን የመጨረሻዋ ሕመምተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ፣ ዲሞ በምትባል የአርብቶ አደር መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መውጣቱ በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ታወጀ። ኩፍኝን ጨምሮ በስድስት የሕፃናት በሽታዎች ላይ ያነጣጠረው የክትባት ፕሮግራምም በአገራችን የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

ፈንጣጣ ሄደ፣ ኩፍኝ ግን ዛሬም አለ። አሁን ከየጤና ኬላው በየሳምንቱ ሪፖርት ይላካል፤ በሽተኛ ከሌለም «ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ቤት ለቤት ሳይዞሩ የተጻፈ ዜሮ አላምንም፤ የወረዳ ኃላፊዎችም ባያምኑ ደስ ይለኛል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ትኩሳትና ሽፍታ አንድ ላይ ከያዘው በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። የኩፍኝ ክትባቱንም በ9 ወሩና በ15 ወሩ፣ ሁለቱንም ጊዜ አስከትቡ።