የጌል ደባሎች

በሰሜን ቤልጂየም፣ ከአንትወርፕ በስተ ምሥራቅ፣ በጌል ከተማ የሚገኘው የቅድስት ዲምፕና ቤተ ክርስቲያን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሲቀበል የኖረ ደብር ነው። የቅድስቲቱ ገድል የተጻፈው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። ገድሉ እንደሚለው ዲምፕና የአንድ የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ነበረች። እናቷ ስትሞት አባቷ በሐዘን አእምሮውን ሳተና እናቷን የምትመስለውን ልጁን ላግባ አለ። እርሷም ከንስሐ አባቷ ከገረበርኑስ ጋር ባሕር ተሻግራ ጌል ገባች፤ ንጉሡ ተከታትሎ ደረሰባቸው፣ ካህኑን አስገደለ፣ የልጁንም አንገት በገዛ እጁ ቀላ። የታሪክ ጸሐፊዎች ትረካውን ከአፈ ታሪክ ይቆጥሩታል። ምእመናኑ ግን አእምሮውን በሳተ ሰው እጅ የሞተች ሰማዕት አእምሯቸው ለታወከ ሁሉ ታማልዳለች ብለው አመኑ፤ የጌል ታሪክም የሚነሣው ከዚህ እምነት ነው።

በስሟ የሚጠራው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1349 ተጀመረ። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከደወሉ ግንብ ጎን የሕሙማን ማደሪያ ተሠራ። ሕሙማኑ እዚያ 9 ቀን ይቆያሉ፣ ይጸለይላቸዋል፣ የቅድስቲቱ ዐፅም ባረፈበት ሣጥን ሥር በጉልበታቸው እየዳኹ ያልፋሉ። ጠበል ገብቶ ሱባኤ የያዘ ሰው ሥርዓቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ችግሩ የመጣው ከዘጠኙ ቀን በኋላ ነው። የተሻለው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ያልተሻለውስ? ማደሪያውም ጠባብ ነበርና ተራ የሚጠብቀው በዛ። ካህናቱ የሚጠብቁትንም ያልዳኑትንም በአካባቢው ገበሬዎችና ባለእጆች ቤት ያሳድሩ ጀመር። ለጥቂት ቀን የገባው እንግዳ ወር ሰነበተ፣ ዓመት ቆየ፣ በመጨረሻም የቤቱ ሰው ሆነ። ጌልን በዓለም ያሳወቃት ልማድ የተወለደው እንግዲህ ፈውስ ካገኙት ሳይሆን ፈውስ ከቀረባቸው ሰዎች ነው። ተአምር ፈልጎ ለመጣ ሰው፣ ተአምሩ ቢቀርም፣ ከተማዪቱ ማደሪያና ማዕድ አልነፈገችውም።

የጌል ሰዎች እነዚህን እንግዶች በቋንቋቸው የሚጠሩበት ቃል በአማርኛ ደባል ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ እብድ ወይም በሽተኛ ማለት አይደለም። ደባሉ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል፣ ከብት ይጠብቃል፣ እርሻ ያግዛል፣ ሕፃን ያቅፋል፣ እሑድ አብሮ ያስቀድሳል። አስጠጊው ለቀለቡ ክፍያ ያገኝ ነበር፤ የተጨማሪ እጅ ጉልበትም ለድኻ ገበሬ ቀላል አልነበረም። ይህ ጥቅም የደግነቱን ዋጋ አያሳንሰውም። በአንድ ቤት 50 ዓመት የቆዩ ደባሎች ነበሩ፤ ወላጆች ሲሞቱ ልጆቻቸው ከእርሻው ጋር ደባሉንም ተረክበው ይኖሩ ነበር። ያም ሆኖ ሁሉም መልካም ነበር ማለት አይቻልም። ያመልጣሉ ወይም ይማታሉ የተባሉ ሰዎች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ እግራቸው በሰንሰለት ይታሰር ነበር።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አገሩን የያዙት ፈረንሳዮች የደብሩን የካህናት ማኅበር በተኑ፤ ልማዱ ግን በየቤቱ ሥር ሰዶ ስለነበር አልጠፋም። እንዲያውም በ1803 የብራስልስ አስተዳደር በከተማው ማጎሪያዎች የነበሩትን ሕሙማን ወደ ጌል ላከ። በ1821 ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ሐኪም ኤስኪሮል መጥቶ ጎበኘ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕሙማን በግንብ ውስጥ በሚቆለፍባቸው ዘመን ጌል ላይ በአደባባይ ሲመላለሱ መታየታቸው ሐኪሞችን ለሁለት ከፈለ፤ ገሚሱ አደነቀ፣ ገሚሱ ጥንቃቄ የጎደለው ነው አለ። በ1850 የወጣው የቤልጂየም ሕግ ሥራውን በመንግሥትና በሐኪሞች ቁጥጥር ሥር አደረገው፤ በ1862ም አዲስ መጪዎች መጀመሪያ የሚታዩበት ሆስፒታል ተከፈተ። ሠዓሊው ቫን ጎኽ ገና ወጣት ሳለ አባቱ ወደ ጌል ሊልኩት አስበው ነበር።

የደባሎች ቁጥር ከፍተኛ የሆነው በ1938 ሲሆን 3,736 ደርሷል። ከዚያ ወዲህ እርሻ እየተመናመነ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ከቤት ውጭ እየሠሩ፣ አዳዲስ መድኃኒቶችም ብዙዎችን ራሳቸውን እያስቻሉ ሲመጡ ቁጥሩ አሽቆለቆለ፤ በቅርብ ዓመታት ከ300 በታች ወርዷል። ዩኔስኮ በ2023 የጌልን ልማድ በመልካም የቅርስ ጥበቃ ተግባራት መዝገብ አስገብቶታል። ዛሬ ደባልና ቤተሰብ የሚያገናኘው ሆስፒታሉ ነው፤ የጤና ባለሙያ እየተመላለሰ ይጎበኛቸዋል። ከቤተሰቡ የሚፈለገው ግን ሕክምና ሳይሆን እንደ ድሮው አብሮ መኖር ነው።